«ቀበሌ»፦ የቦታ ስም ሥልጣን ሲይዝ

«ቀበሌ» የሚለው ቃል በቀድሞው ልማድ «ሰፈር፣ አካባቢ» ተብሎ ቢፈታ ስሕተት የለውም። ይሁን እንጂ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ የተጻፈውን ሰነድ ለሚተረጉም ሰው ይህ ፍቺ አይበቃውም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው፣ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47፣ የከተማ ነዋሪዎች በየአካባቢያቸው በማኅበር እንዲደራጁ ደነገገ። ሕጉ ያቋቋመው ማኅበርን ነው፤ ቀበሌ የማኅበሩ ክልል ነበር። ሕዝቡ ግን ረጅሙን ስያሜ ትቶ ማኅበሩን ራሱን በቦታው ስም ጠራው። ከዚያም በኋላ ቀበሌ የሚኖሩበት ብቻ ሳይሆን የሚጠራ፣ የሚመዘግብ፣ የሚያከራይ፣ የሚዳኝ አካል ሆነ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሚደርስ የተወረሱ ቤቶች በማኅበራቱ እጅ ስለ ገቡ «የቀበሌ ቤት» የሚለው ሐረግ ተወለደ። ይህንን «በሰፈሩ ውስጥ ያለ ቤት» ብሎ የሚተረጉም ሰው አከራዩን ከአንባቢው ይሰውርበታል።

በ1969 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 104 ማኅበራቱን በደረጃ ሲያዋቅር ከቀበሌ በላይ ያለው «ከፍተኛ» ተባለ፤ አዲስ አበባም በ25 ከፍተኛ ተከፈለች። እዚህ ላይ ቅጽሉ የሚገልጸውን ስም ጥሎ ራሱ ስም ሆኗል። «የከፍተኛው ጸሐፊ» ሲባል ማዕረጉ ከፍ ያለ ጸሐፊ ማለት አይደለም። ሊቀ መንበርነትም ከቀበሌ እስከ ርእሰ ብሔር ድረስ በአንድ ስም ይጠራ ስለ ነበር የማን ሊቀ መንበር እንደ ሆነ ሳይጣራ መተርጐም አይገባም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የ1969ና የ1970 ዓ.ም. የቀይ ሽብር ጽሑፍና ምስክርነት ነው። በዚያን ጊዜ ቀበሌዎች የታጠቁ የአብዮት ጥበቃ ጓዶችና የእስር ክፍሎች ነበሯቸው። አንዲት እናት «ልጄ በቀበሌ ተገደለ» ብትል፣ «በ» የተገደለበትን ቦታ ታመለክታለች ወይስ ገዳዩን? አማርኛችን ሁለቱንም በአንድ ፊደል ይችላል፤ ብዙ የውጭ ቋንቋዎች ግን ተርጓሚውን አንዱን እንዲመርጥ ያስገድዱታል። «ቀበሌ ወሰደው» ከተባለ ጥርጥር የለም፤ ቦታ ሰው አይወስድም። በፊተኛው ዓረፍተ ነገር ግን ተርጓሚው በግምት ቢመርጥ አንድም ተጠያቂውን ያጠፋል፣ አንድም ያልተባለ ክስ ይጨምራል። በእኛ አስተያየት ምስክሯን መጠየቅ ካልተቻለ ቃሉን እንዳለ አስቀምጦ አሻሚነቱን በኅዳግ መግለጽ ይሻላል።

ዛሬ በአዲስ አበባ ከክፍለ ከተማ በታች ያለው መስተዳድር «ወረዳ» ተብሏል፤ ሰዉ ግን መታወቂያውን «የቀበሌ» ማለቱን አልተወም። በገጠር ደግሞ ወረዳ ራሱ ብዙ ቀበሌዎችን ይይዛል፤ በቀድሞው አከፋፈልም ከአውራጃ በታች ነበረ። ስለዚህ በምናዘጋጀው መዝገበ ቃላት «ቀበሌ» በሚለው ሥር ቦታው፣ ማኅበሩና ጽሕፈት ቤቱ ለየብቻቸው፣ እያንዳንዱም ከዘመኑ ጋር እንዲገባ ሐሳብ እናቀርባለን።