ሳንቲምን በዳሰሳ መለየት፦ ከባሶ ገበያ እስከ ዘመናችን

ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ በየጁቤ አቅራቢያ የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሞሌ ጨውና የማርትሬዛ ብር መገናኛ ነበር። ረጅሙ የጨው ጡብና 28 ግራም የሚመዝነው ክብ ብር በዳሰሳ ከቶ አይምታቱም፤ ዓይነ ስውር ገበያተኛ በእጁ ይለያቸው ዘንድ ቅርጻቸው በቂ ነበር።

የሳንቲም ዓይነት ሲበዛ ግን ልዩነቱ ጠበበ። 1936 ዓ.ም. የሚል የተቀረጸበት ክቡ የመዳብ 25 ሳንቲም በመጠኑ ከብሩ 50 ሳንቲም ጋር ስለሚቀራረብ፣ በብር እየተለበጠ ለማጭበርበሪያ ዋለ። ስለዚህ በ1945 ዓ.ም. ገደማ ጠርዙ ወጣ ገባ ሆኖ ተሠራ። ዓላማው ማጭበርበርን መከላከል ቢሆንም፣ ለማያየው ሰው ጣት ግልጽ መለያ ሆነ። በ1969 ዓ.ም. የወጡት ሳንቲሞች ሁሉም ክብ ስለሆኑ ይህ መለያ ቀረ፤ እንዲያውም 10 ሳንቲሙ ከ25 ሳንቲሙ በስፋት ይበልጣል።

ይህ ታሪክ የጤና ባለሙያንም ይመለከታል። ከ1998 ዓ.ም. ብሔራዊ ጥናት እንደታየው ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ነበር፤ በአማራ ክልልም የትራኮማ ሥርጭት እጅግ ከፍተኛ ነበር። የሥጋ ደዌ ደግሞ ዓይንንም የጣትን ስሜትም በአንድነት ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ዓይኑ ለማይድን ታካሚ የጣቱን ስሜት መመርመርና መጠበቅ፣ በገንዘቡ ራሱን ችሎ የማዘዝ መብቱን መጠበቅ ነው።