ጓሳን ያቆየው ሕግ፤ ከዋግ ተራሮች ሲታይ

በሰቆጣ ዙሪያ ባሉት ተራሮች ላይ ያረጀ ጥድና ወይራ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ነው። ከቅጽሩ ውጭ ያለው ተዳፋት ለብዙ ዘመን በእርሻና በግጦሽ ተራቁቷል፤ በቅርብ ዘመን ግን ከብት እንዳይገባበት ተከልሎ እንዲያገግም የተደረገ ቦታ አለ። ይህ ክለላ ይዘልቅ እንደሆነ ለመመርመር የዋግ ታሪክ ብቻውን አይበቃም። በሰሜን ሸዋ፥ በመንዝ የሚገኘው ጓሳ ሕዝብ ራሱ ሲጠብቀው የኖረ ምድር ነውና ወደዚያ መሻገር ይገባል።

ከመሐል ሜዳ ማልዶ የተነሣ ጎብኚ ጓሳን አይቶ በዚያው ቀን ለመመለስ ይችላል። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በዚህ ውርጫም ምድር ጭላዳው በመንጋ ሆኖ ሣር ሲነጭ፥ ዕድል ከቀናም ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያድን ይታያል። የዛሬ ጎብኚ የሚመጣው ስለ እነርሱ ነው። የቀድሞ ሰዎች ግን ቦታውን የጠበቁት ለሣሩ ብለው ነበር። ጓሳ በሚባለው ሣር ቤት ይከደናል፥ ገመድም ይገመዳል፤ በድርቅ ዓመት ደግሞ ምድሩ ለከብት መጠጊያ ነው።

የጥበቃው ሥርዓት ቄሮ ይባል ነበር። አጀማመሩም ወደ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይመለሳል ይባላል። ባለመብቶቹ የአስቦና የጌራ አቅኚ አባቶች ዘሮች ነበሩ፤ ከየወገናቸውም አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጡ ነበር። ቦታው ሦስት ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፤ አስቀድሞ አጨዳ፥ ቀጥሎ ግጦሽ ይሆናል። ክረምት ሲገባ ሰውም ከብትም ይወጣል።

የዚህ ሕግ ጉልበቱ ርስት ነበር፤ ድካሙም እዚያው ላይ ነው። ከአቅኚዎቹ ያልተወለደ ጎረቤት ሣሩን እያየ ያልፍ ነበር። በየካቲት 1967 ዓ. ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ርስት ቀረ፤ ቄሮም አብሮ ፈረሰ፤ ሣሩም ያለ ልክ ታጨደ። ከብዙ ዓመታት በኋላ በዙሪያው ያሉት ቀበሌዎች በመተዳደሪያ ደንብና በተመረጠ ምክር ቤት ጥበቃውን እንደገና አቋቋሙት። በዚህ ጊዜ መብቱ ከትውልድ ሐረግ ወደ ነዋሪነት ተዛወረ። በጸሐፊው አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ይህ ነው።

ዋግም በዋግሹሞች ዘመን የርስት አገር ነበር፤ የ1967ቱ ዐዋጅ እዚያም ደርሷል። ነገር ግን የዛሬው ክለላ ከዐዋጁ በኋላ የመጣ ስለሆነ የሚደገፍበት አቅኚ አባት የለውም። ታዲያ በጓሳ ሣሩ የሠራውን በዋግ ምን ይሠራዋል? ንብ ሳይሆን አይቀርም። የሰቆጣ ነጭ ማር ስሙ የታወቀ ነው፤ ንቡም አበባ የሚያገኘው ቁጥቋጦው ከፍየል አፍ ሲድን ነው። በተከለለው ቦታ ቀፎ ያኖረ ወጣት የራሱን ፍየል አያስገባም፤ የጎረቤቱንም አባርሮ ያስወጣል። ከሁለት ፍየል በቀር ሀብት የሌላት ባልቴት ግን ከዚያ ማር ድርሻዋ ስንት እንደሆነ በደንቡ መጻፍ አለበት፤ አለዚያ እርስዋ ከተዳፋቱ አጥር ውጭ እንደ ቆመው የአስቦ ጎረቤት መሆኗ ነው።