ዳንግላ ስንት ሰው አላት?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልስ ግን የለውም። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አስፋልት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ዳንግላ ዛሬ ስንት ነዋሪ እንዳላት ቆጥሬ አውቃለሁ የሚል መሥሪያ ቤት የለም። የመጨረሻው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በግንቦት 1999 ዓ.ም. ነው። በዚያ ወር የተወለደ ሕፃን ዛሬ የራሱን መታወቂያ የሚያወጣበት ዕድሜ ላይ ደርሷል። ከዚያ ወዲህ በየሪፖርቱ የሚጻፈው የሕዝብ ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው።

ይህ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጭንቀት ብቻ አይደለም። አንድ የውሃ ጉድጓድ ለስንት ቤተሰብ እንደሚበቃ፣ በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ እንደሚታጨቅ፣ ጤና ጣቢያው ስንት መድኃኒት እንደሚላክለት የሚወሰነው በዚህ ቁጥር ነው። የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ ሲከፋፈልም የሕዝብ ብዛት ከዋነኞቹ መለኪያዎች አንዱ ነው። ያልተቆጠረ ሰው በጀት የለውም።

ያም ሆኖ በየሰፈሩ ቁጥሩን የሚያውቅ አንድ ደብተር አለ። የእድር ደብተር። ማን አባል ነው፣ ከማን ጋር ይኖራል፣ ወላጆቹ በሕይወት አሉ ወይ፣ ስንት ልጅ አለው፣ ማን ሰፈር ለቀቀ፣ ማን ሞተ፤ ሁሉም እዚያ አለ። ጸሐፊው ደመወዝ የለውም። ደብተሩም ማኅተም ይኑረው እንጂ የመንግሥት ሰነድ አይደለም። ታዲያ መንግሥት መቶ ዓመት ሙሉ ሲሞክር ያልተሳካለት ነገር ለጥሩምባ ነፊና ለገንዘብ ያዥ እንዴት ተሳካላቸው? ለዚህ መልስ ለማግኘት ጎጃም እስከ ዛሬ በማን፣ ለምን እንደተቆጠረ ወደ ኋላ መመልከት ያስፈልጋል።

በዳንግላ ምድር በትጋት የለካ የመጀመሪያው ታዋቂ ሰው የመጣው ሰው ሊቆጥር አልነበረም። እንግሊዛዊው ሜጀር ሮበርት ቺዝማን ከ1920ዎቹ አጋማሽ እስከ 1930ዎቹ መጀመሪያ በፈረንጅ አቆጣጠር በዳንግላ የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ ተቀመጠ። ለንደን በዚያ ዘመን በአገው ምድር ቆንስላ ያስፈለጋት በጣና ምክንያት ነው። ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከብሪታንያ ጋር በተፈራረሙት ውል የዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውሃ የሚያግድ ሥራ ያለ ብሪታንያና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንዳይሠራ ተስማምተው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሐይቁ ላይ ግድብ የመሥራቱ ድርድር ለዓመታት ቀጠለ። ቺዝማን ከዳንግላ እየተነሣ የዓባይን ሸለቆና የጣናን ዙሪያ ዞረ፣ ካርታ አነሣ፣ በ1936 በፈረንጅ አቆጣጠር መጽሐፉን አሳተመ። ሥራው ዛሬም ይጠቀሳል። ለዳንግላ ሰው ግን የተረፈው ትምህርት ሌላ ሳይሆን አይቀርም፦ ባለ መሣሪያ እንግዳ ሲለካ የሚለካው ለራሱ ጉዳይ ነው።

ይህ ጥርጣሬ በጎጃም ሥር የሰደደ ነው። ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ አመፅ ስላስነሣ መንግሥት ለጎጃም ለብቻው ማለዘብ ግድ ሆነበት። ባለ ርስቱ ከገንዘቡ ይልቅ የፈራው ቃላዱን ነው። መሬት በገመድ ከተለካ ርስት ገባር መሬት ይሆናል፤ ነገ ደግሞ ለሌላ ይሰጣል የሚል ሥጋት ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ነገሩ ፈነዳ። አዋጁ ራሱ መሬት ይለካ አላለም፤ የገበሬውን ገቢ የሚገምት ኮሚቴ ይግባ ነው ያለው። ለገበሬው ግን ገማች የለኪ ታናሽ ወንድም ነው። ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት ጠመንጃ አነሡ፤ መንግሥት በአውሮፕላን ጭምር ደበደበ፤ በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ የቆየውም ውዝፍ ግብር ተማረ። አብዮቱ ሲመጣ ጎጃም ሳይለካ ነው የደረሰው።

በተመሳሳይ ጊዜ ሌላ መዝገብ በሕግ ላይ ተወልዶ በሕግ ላይ ተኝቶ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በየአጥቢያው በክብር መዝገብ እንዲመዘገቡ በዝርዝር ደንግጓል። ደንቡ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ከሕጉ መጨረሻ አካባቢ፣ በቁጥር 3361፣ እነዚህ ድንጋጌዎች በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ ቀን እስኪቆረጥላቸው አይጸኑም የሚል አንቀጽ ተቀምጧል። ትእዛዙ በንጉሡ ዘመን አልወጣም። በደርግም አልወጣም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። በመካከሉ 56 ዓመት አለፈ። በዚያ ሁሉ ጊዜ በዳንግላ የሞተ ሰው መሞቱን የጻፈለት ማን ነው? ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ እና እድር።

እድር መቼ ተጀመረ በሚለው ላይ አጥኚዎች አይስማሙም። ብዙዎቹ ግን የከተማ ልጅ መሆኑን ይቀበላሉ። ገጠሬው ደቦና ወንፈል፣ ማኅበርና ሰንበቴ ነበረው፤ ሲሞት የሚቀብረው ዘመድ በአጠገቡ ነበር። ከተማ የገባ ሰው ግን ዘመዱን ጥሎ መጥቷል። እና ጎረቤቱን በመዋጮ ዘመድ አደረገው። እድር ከጣሊያን ወረራ በኋላ በአዲስ አበባ ተስፋፋ፤ ከዚያም በመንገድ ዳር ወደሚያድጉት ከተሞች ሁሉ ደረሰ። የአገው ምድር አውራጃ ዋና ከተማ የነበረችው ዳንግላም መምህር፣ ፖሊስ፣ ነጋዴ፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ከየቦታው የሚሰበሰብባት ስለነበረች ለእድር የተመቸች ነበረች።

የእድር ደብተር ለምን አይዋሽም? እዚያ ላይ ዋናው ነገር አለ። በእድር ደብተር ላይ እናቱን ያላስመዘገበ ሰው እናቱ በሞቱ ቀን ድንኳን የለውም። ያልሞቱትን አክስት ሞቱ ብሎ ገንዘብ ልውሰድ የሚልም አይሳካለትም፤ ምክንያቱም የሚከፈለው ለለቅሶ ነው፣ ለለቅሶውም ሰፈሩ በሙሉ ይመጣል። ሐሰተኛ ቁጥር የሚጎዳው ሰጪውን ነው፣ አጣሪዎቹ ደግሞ ሁለት መቶ ጎረቤቶች ናቸው። የትኛውም የቆጠራ ኮሚሽን እንዲህ ያለ የቁጥጥር ሥርዓት ኖሮት አያውቅም።

ከዚያ ቀበሌ መጣ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ከዚያው ጋር የከተማ ነዋሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት እንዲቋቋሙ አዘዘ። ዛሬ ብዙ ሰው ቀበሌ የሚባለውን የሚያውቀው በወረፋና በማኅተም ስለሆነ የመጀመሪያ ሐሳቡ ተረስቷል። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆነ ቤቶችን ቀበሌው ያስተዳድራል፣ ገንዘቡን ሰብስቦ ለሰፈሩ መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ጤና አገልግሎት ያውለዋል፣ ነዋሪው የፍርድ ሸንጎውን ራሱ ይመርጣል ነበር ነገሩ። ኪራይም ተቀነሰ፤ ብዙ የከፈለ ሳይሆን ትንሽ የከፈለ ይበልጥ ተቀነሰለት። ለአንድ ተከራይ መምህር ወይም ጠላ ሻጭ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ቀበሌ ከሕዝቡ ጋር የተዋወቀው ሰጪ ሆኖ ነው። ይህን መካድ ተገቢ አይደለም።

መዝገቡ የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። በ1969 ዓ.ም. ቀበሌዎች የአብዮት ጥበቃ ጓድ ያዙ፤ በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ በየቤቱ ማን ያድራል የሚለው ጥያቄ የሞትና የሕይወት ጥያቄ ሆነ። በቤቱ ያልተመዘገበ እንግዳ የተገኘበት ሰው እሱም እንግዳውም አደጋ ላይ ናቸው። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ፤ ምልምሉን የሚያቀርበው ቀበሌና የገበሬ ማኅበር ነበር። በዓመቱ፣ በግንቦት 1976፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ ተካሄደ። ጊዜውን ልብ ማለት ነው። አምና ልጅ ወደ ግንባር የወሰደው አስተዳደር ዘንድሮ በር አንኳኩቶ በቤቱ ስንት ወንድ ልጅ አለ ብሎ ሲጠይቅ እናት ምን ትመልስ?

በዚያው ቀበሌ ሌላ በር ደግሞ የኅብረት ሱቅ ነበረ። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና በኩፖን የሚከፋፈለው በቤተሰብ ብዛት ነበር። ስለዚህ አንድ ቤት ለስኳር ሲሆን እንዲበዛ፣ ለዘመቻ ሲሆን እንዲያንስ ይፈለጋል። ሁለቱም ቁጥር በአንድ ሰነድ ላይ አይቀመጥም። ሕዝቡ ዋሽቷል ማለት ሳይሆን ጥያቄው ሁልጊዜ ሌላ ጥያቄ ከጀርባው እንዳለው ተማረ ማለት ነው።

በ1983 የካቲት ኢሕአዴግ ጎጃምን ሲይዝ የቀበሌው ታጣቂ ተለወጠ፤ ቀበሌው ግን ቀረ። ቀጥሎ በተሠራው አወቃቀር የአዊ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ እንጅባራ ሆነች፤ ዳንግላ የአውራጃ ከተማነቷን አጣች። የከተማዋ ሰው ይህን ዛሬም ያነሣዋል፤ መሥሪያ ቤት የሄደበት ከተማ ሠራተኛው፣ ሻይ ቤቱ፣ ኪራዩም አብሮ ይሄድበታል። ቁጥር የት እንደሚሰበሰብ ብቻ ሳይሆን ማን ዘንድ እንደሚደመርም ለከተማ ዕድል ነው።

ለአማራ ክልል ትልቁ የቁጥር ቁስል የመጣው ግን በሦስተኛው ቆጠራ ነው። የ1999ኙ ውጤት ይፋ ሲሆን የክልሉ ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ገደማ ተባለ። ከቀድሞው ቆጠራ በመነሣት ተተንብዮ የነበረው ከ19 ሚሊዮን በላይ ነበር። ልዩነቱ 2.4 ሚሊዮን ሰው ነው። ጉዳዩ ፓርላማ ውስጥ ተነሣ፤ የስታቲስቲክስ ባለሥልጣኑም የወሊድ መቀነስን፣ ፍልሰትንና ኤች አይ ቪን ጨምሮ ልዩ ልዩ ማብራሪያ ሰጠ። ብዙው የክልሉ ሰው ማብራሪያውን አልተቀበለም፤ ዛሬም በየውይይቱ ይመለሳል። ክርክሩን እዚህ መፍረድ አይቻልም። የሚገርመው ግን በዚያ ሁሉ ክርክር ማንም ወደ ሰፈር ወርዶ አለመጠየቁ ነው። 2.4 ሚሊዮን ሰው ሞቶ ከሆነ ድንኳን ተተክሏል፤ ለቆ ከሆነ ከደብተር ተሰርዟል፤ ቀድሞም ያልተወለደ ከሆነ በማንም ደብተር ላይ አልነበረም። ሦስቱም በየሰፈሩ የሚታወቅ ነገር ነው።

ይህ ሐሳብ ከንቱ አለመሆኑን አዲስ አበባ አሳይታለች። የሞት ምዝገባ ባልነበረበት በ1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከተማዋ መቃብር ቦታዎች ሁሉ የሚቀበረውን ሰው ማስመዝገብ ጀመሩ። ከዚያ መዝገብ ነው በወቅቱ ከሞቱት ጎልማሶች ሁለት ሦስተኛው ገደማ በኤድስ እንደሞቱ የተገመተው፤ ከ1997 ጀምሮ መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር የሞቱ ቁጥር እንዴት እንዳሽቆለቆለም የታየው። መንግሥት የማያውቀውን ሞት ቀባሪው ያውቅ ነበር።

እንግዲህ እድሩን ለምን የመንግሥት ቆጣሪ አናደርገውም የሚል ይኖራል። ተሞክሯልም ማለት ይቻላል። የአዲስ አበባው ከንቲባ ዶክተር ኃይለ ጊዮርጊስ ወርቅነህ እድሮችን ለልማት ሥራ ማሰባሰብ ጀምረው ነበር፤ የማኅበራት ምዝገባ ደንብም በ1959 ወጣ። በኋላም ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ጤና መድን፣ ስለ መንገድ መዋጮ ቀበሌ የሚጠራው የእድር ዳኛን ነው። በ2003 የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሙከራ ከአማራ ክልል ከመረጣቸው ሦስት ወረዳዎች አንዱ የዳንግላ ጎረቤት ደቡብ አቸፈር ነበር፤ ቤተሰብ እየቆጠሩ መዋጮ መሰብሰብ ለዚህ አካባቢ ሰው እንግዳ አይደለም። ሆኖም የእድር ደብተር እውነተኛ የሆነው ወደ ቀበሌ ስለማይሄድ ነው። የእድር ጸሐፊ ዛሬ ስም ዝርዝር ለሚሊሻ ምልመላ ወይም ለፖለቲካ መዋጮ አሳልፎ ከሰጠ፣ በሚቀጥለው ወር አባሉ ልጁን ከደብተሩ ያስወጣል። ያን ጊዜ ሰፈሩ ሁለት የማይታመን መዝገብ ይኖረዋል።

ሕግ አውጪው ይህን ሳያውቀው አልቀረም። የ2001 የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ በብዙ ነገር ጥብቅ ነበር፤ እድርንና እቁብን ግን ከአዋጁ ውጭ አደረጋቸው። የ2011 አዋጅም እንዲሁ ተዋቸው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየዐሥር ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። አራተኛው ደጋግሞ ተላለፈ፤ በሰኔ 2011 ፓርላማው እንደገና አራዘመው። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልሉ የተቀሰቀሰው ጦርነት ደግሞ ቤት ለቤት መዞርን ይቅርና ከቀበሌ ማስረጃ ማውጣትንም በብዙ ቦታ አስቸጋሪ አድርጎታል። ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ በጣት አሻራ ሰው መመዝገቡን ቀጥሏል፤ የሚመዘግበው ግን ራሱ የመጣውን ነው፤ ጣቱን ይዞ ሊቀርብ የማይችለውን ሟች የሚያስመዘግብ ዘመድ ያስፈልጋል። ሞት የመመዝገቡ ሥራ ሕጋዊ ግዴታ ከሆነ ዓመታት ቢቆጠሩም ውርስ ወይም ጡረታ የሌለው ቤተሰብ ቀበሌ የሚሄድበት ምክንያት ትንሽ ነው። ውርስ ወይም ጡረታ ያለውም ሲሄድ ሟቹ መሞቱን የሚመሰክሩለት ጎረቤቶች ይዞ ይሄዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ እነዚያው ድንኳኑን የተከሉት ናቸው።