ብራናው ከመፋቁ በፊት

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ሐይቅን፣ ውጫሌንና ውርጌሳን አልፎ መርሳ ይደርሳል። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ውርጌሳ የጦር ግንባር ነበረች። በሰሜን ወሎ ጦርነቱ ካደረሰው ጥፋት አንዱ የመሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተርና መዝገብ ነው። ሰው ሲመለስ ቢሮ ይጠገናል፣ ወንበር ይገዛል። የመዝገቡ ጉዳይ ግን ከባድ ነው።

በጀት ሲያጥር ሌላ ቦታ ያገለገለ የሰርቨር ዲስክ መግዛት ወይም በስጦታ መቀበል አንድ መፍትሔ ነው። ችግሩ፣ አንዳንዱ ዲስክ ጤነኛ ሆኖ ሳለ አዲሱ ሰርቨር አያስነሣውም። ዊንዶውስም ሊኑክስም መኖሩን ያያሉ፣ ሊጽፉበት ግን አይችሉም። ብዙዎች «ተበላሽቷል» ብለው ይጥሉታል። አልተበላሸም። የተሰመረው ለሌላ ጌታ ስለሆነ ነው።

ይህን ለመረዳት ቁም ጸሐፊን ማሰብ ይበቃል። ብራናው ተፍቆና ደርቆ ወዲያው አይጻፍበትም። ጸሐፊው መጀመሪያ ጠርዙን በወስፌ ይወጋል፣ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ መስመር ያሰምራል። ገጹ ስንት መስመር እንደሚይዝ የሚወሰነው ያኔ ነው።

ዲስክም እንዲሁ ነው። አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው የመጀመሪያው የንግድ ዲስክ 50 ትልልቅ ሳህኖች ነበሩት፤ የሚይዘው ግን 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 ያው ኩባንያ 10 ሜጋባይት ዲስክ ያለው የግል ኮምፒውተር ሲያወጣ የዲስኩ መስመር፣ ማለትም ሴክተሩ፣ 512 ባይት ነበር። የዓለም ገበያ ያንኑ ያዘ። በ1988 የመጣው ኤ.ኤስ. 400 የተባለው የኩባንያው ትልቅ ማሽን ግን በ520 ባይት ያሰምር ነበር። ትርፉ 8 ባይት የሥርዓቱን የራሱን ምልክት ይይዛል። እንደ ኔትአፕ ያሉ የማከማቻ አምራቾችም 8ቱን ባይት ለስሕተት ማረጋገጫ ተጠቀሙበት። ምክንያቱ በጎ ነው፤ ውጤቱ ግን ዲስኩ ከቤቱ ሲወጣ ባዕድ መሆኑ ነው።

መፍትሔው ዲስኩን እንደገና ማስመር ነው። ሊኑክስ ላይ «ኤስጂ ፎርማት» የሚባል ነጻ መሣሪያ አለ። ለሰርቨር የተሠራውን የሳስ ዲስክ ከ520 ወደ 512 ይመልሰዋል፤ ተራው የሳታ ዲስክ ግን ባብዛኛው ይህን አይቀበልም። ሥራው በትልቅ ዲስክ ላይ ሰዓታት ይፈጃል። መብራት መሐል ላይ ቢጠፋ ዲስኩ እንደገና እስኪሰመር ድረስ አያገለግልም። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ሲሰመር የቀደመው ጽሑፍ አብሮ ይሄዳል። የመሬት ይዞታ መዝገብም ሆነ የተማሪ ውጤት፣ ሌላ ግልባጭ ከሌለው አበቃለት።

በየቢሮው የተለመደው ፈጣን ፎርማት ደግሞ ተቃራኒው ነው። የሚያጠፋው ማውጫውን ብቻ ነው። ጽሑፉ ከሥር ይቀራል፣ የሚፈልግ ሰው ያወጣዋል። አሮጌ ኮምፒውተር በጨረታ ሲሸጥ የሕመምተኛ ታሪክ አብሮ ሊሸጥ ይችላል ማለት ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የቸልተኝነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የሕግ ጉዳይም ነው።

ስለዚህ ሁለት አደጋ አለ፦ መጥፋት ያለበት ይቀራል፣ መቅረት ያለበት ይጠፋል። ሁለቱም የሚመጡት ማጥፋትን የባለሙያ ሥራ ብቻ አድርጎ ከማየት ነው።

ከውርጌሳ በስተደቡብ ባለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን፣ በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተጻፈ ወንጌል አለ። ሰባት መቶ ዓመት አልፎት ዛሬም ይነበባል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሡ የሐይቅ መጻሕፍትም ተነሥተዋል። የሰባት መቶ ዓመት ብራና እንኳ ግልባጭ ካስፈለገው፣ የወረዳ ሰርቨር እንዴት አያስፈልገው?

ሥርዓቱ ረጅም አይደለም። መጀመሪያ ይገልበጥ። ግልባጩ በሌላ ማሽን ተከፍቶ ይታይ። ሌላ ከተማ ይቀመጥ፤ ጦርነት አንዱን ከተማ ሲይዝ ሌላው ይተርፋልና። ምን እንደሚጠፋ ተጽፎ ኃላፊው ይፈርም። ከዚያ በኋላ ዲስኩ ይሰመር።

መስመር ማስመር የባለሙያ ነው። የትኛው ይፋቅ የሚለው ግን የባለ መዝገቡ፣ የሕዝቡ ጉዳይ ነው።