ግጭ፤ በፓርክ ውስጥ የነበረች የደጋ መንደር

የቡታጅራ ልጆች የዘቢዳርን ተራራ፥ የወልቂጤ ልጆችም የጊቤን ሸለቆ እያየን ያደግን ነን። በአገራችን ገበሬና አውሬ ተጎራብተው ሲኖሩ አይተናል እንጂ አንዱ ለሌላው ቦታውን ይልቀቅ ሲባል ብዙ አልሰማንም። ስለዚህ ስለ ሰሜን ተራሮች ስንማር፥ ከገደሉና ከጫፉ ይልቅ አሳባችንን የሳበው ግጭ የምትባል የአንዲት ትንሽ መንደር ነገር ሆነ። ታሪኳን እነሆ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ዓመታቱን የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ግጭ ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን፥ ከደባርቅ በስተምሥራቅ፥ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ላይ ነበረች። በአቅራቢያዋ የጅንባር ወንዝ ከገደል ላይ ተወርውሮ ይወርዳል፤ ከዚያም ወዲያ እሜት ጎጎ የተባለው ዝነኛ ጫፍ አለ። ነዋሪዎቿ ሙስሊሞች ነበሩ። በዚያ ከፍታ እኛ የምንኖርበት እንሰት አይበቅልም፤ ጤፍም አይሞከርም፤ የገበሬው ተስፋ ገብስ ነው። ገብሱን በተዳፋቱ ላይ ያርሳሉ፥ በግና ፍየል ከብትም ያረባሉ፥ ጎጇቸውን በሣር ይከድናሉ። በኋላ ዘመን አገር ጎብኚዎች ሲበዙ፥ በቅሎ እያከራዩና መንገድ እየመሩ ጥቂት ገንዘብ የሚያገኙም ነበሩ። ይሁን እንጂ ዳገት ሲታረስ አፈሩ በክረምት ዝናብ እየታጠበ ይሄዳልና፥ መሬቱ ከዓመት ወደ ዓመት እየሳሳ መምጣቱን ሊቃውንት በጅንባር ሸለቆ ባደረጉት ምርምር አሳይተዋል።

አሁን ስለ ፓርኩ እንናገር። ዋልያ በዓለም ሁሉ ከሰሜን ተራሮች በቀር ሌላ አገር የለውም። የእግር ኳስ ቡድናችን በስሙ የሚጠራበት ይህ እንስሳ፥ ጠመንጃ በበዛበት ጊዜ፥ ይልቁንም ከጣሊያን ወረራ ወዲህ፥ እጅግ ተመናምኖ ነበር፤ በ1960ዎቹ የቀሩት 150 ያህል ብቻ እንደነበሩ ይገመታል። በ1963 በእንግሊዛዊው ሊቅ በጁልያን ሀክስሊ የሚመራ የዩኔስኮ ልዑካን ቡድን አገራችንን ጎብኝቶ ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ ምክሩን ሰጠ። በ1969 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ፓርኩን በሕግ አቋቋመው። ልብ ማለት የሚገባው ግን ወሰኑ ሲሰመር ግጭና ሌሎች መንደሮች ከመስመሩ ውስጥ መገኘታቸው ነው። የግጭ ሰዎች ወደ ፓርክ አልገቡም፤ ፓርኩ ነው ወደ እነርሱ የመጣው።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰው በኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በዓለም የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ የሚባለው የአሜሪካው የሎውስቶን በ1872 ሲከለል፥ በተራራው ላይ የዱር በግ እያደኑ የሚኖሩ የሾሾኒ ወገን የሆኑ ቱኩዲካ የተባሉ ሕዝቦች ነበሩ፤ ብዙም ሳይቆይ ከዚያ እንዲወጡ ተደረገ። የሚያስገርመው በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት፥ የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች ተብለው ከተጻፉት ውስጥ የሎውስቶንና የሰሜን ተራሮች ሁለቱም መኖራቸው ነው። ላሊበላም ከ12ቱ አንዱ ነበር።

በዚያው በ1970ዎቹ መጨረሻ ደርግ ከሰሜኑ ገደል ሥር ከነበሩ መንደሮች ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎችን በግድ አስወጣ። ይህ ሥራ ቂም ትቶ አለፈ እንጂ ፓርኩን አላዳነውም። እርሻውና ግጦሹ እየሰፋ፥ ዋልያውም እየሸሸ ሄዶ፥ በ1996 ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ። ከዚህ ለመውጣት ወሰኑ እንደገና ተሰመረ፤ ብዙ መንደሮች ከመስመሩ ውጭ ሆኑ፤ ሌሎች ተራሮች ተጨምረውበት ስፋቱ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ደረሰ። ግጭ ግን ከመካከል ስለነበረች መስመር በማዞር ልትወጣ አልቻለችም። ብዙ ዓመት የፈጀ ንግግር ከተደረገ በኋላ፥ በ2016 ከ400 በላይ የሆኑ አባወራዎች የገንዘብ ካሳና የቤት መሥሪያ ቦታ ተቀብለው ወደ ደባርቅ ከተማ ወረዱ። በሚቀጥለው ዓመት በፖላንድ አገር በክራኮው ከተማ የተሰበሰበው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ፓርኩን ከአደጋው መዝገብ ሰረዘው።

በዚህ ነገር እኛ የክፍል ጓደኛሞች ሁለት ሆነን ተከራክረናል። ከፊሎቻችን፦ ዋልያ ሌላ አገር የለውም፤ ገበሬ ግን በካሳ ሌላ ቦታ ሊኖር ይችላል አሉ። እውነት ነው፤ የ2016ቱም ከደርግ ጊዜው ጋር በአንድ ሚዛን አይመዘንም። ሆኖም ካሳው ገንዘብና የከተማ ቦታ እንጂ የእርሻ መሬት አልነበረም። የጉራጌ ልጅ ከአገር መውጣት ምን እንደሆነ ያውቃል። አባቶቻችን ወደ አዲስ አበባ ለንግድ ሲወጡ፥ ከኋላቸው ቤት፥ ጀፎረና እንሰት ትተው ነው፤ ክርስቲያኑ ለመስቀል፥ ሙስሊሙ ለአረፋ ይመለሳል። ንግዱ ቢከስር እንኳ የሚገባበት ደጅ አለው። የግጭ ሰው ግን ለአረፋ የሚመለስበት ቤት ፈርሷል። በሬና ማረሻ ብቻ የሚያውቅ ሰው በከተማ ገንዘቡን ሲጨርስ በምን ይኖራል? መሬት አልባ የሆነ ገበሬ ሙያው ራሱ ከእጁ እንደ ወጣ ያህል ነው፤ እኛም የሚበዛው ክርክራችን ወደዚህ አዘንብሏል።

ሕዝቡ ከወጣ በኋላ የግጭ እርሻ ወደ ሣር መመለስ ጀመረ። የዋልያም ቁጥር መንደሩ በተነሣበት ሰሞን ወደ 900 ተጠግቶ ነበር። ከ2020 ወዲህ ግን በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነትና ግጭት ሲበዛ ጥበቃው ላላ፥ አደንም ተስፋፋ፤ ቁጥሩም እጅግ አሽቆለቆለ። በዚያን ጊዜ በግጭ የሚያርስ ገበሬ አልነበረም።