ሳያረጁ የሚፈርሱት የሐዋሳ ቤቶች

ማለዳ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል የወረደ ሰው ዓይኑ ሕንፃ ላይ አያርፍም። ጀልባዎች መረባቸውን ይዘው ዳር ይደርሳሉ፤ ቆሮሶና አምባዛ ይበለታል፤ አሞሮቹ ትርፍራፊውን ቆመው ይጠብቃሉ፤ ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ። ጥሬ ዓሣ በዳጣ የሚበላው፣ የዓሣ ሾርባ የሚጠጣው ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሯል። እኔ ግን ጀርባችንን ስለሰጠናት ከተማ መናገር እፈልጋለሁ።

ሐዋሳ እንደ ጎንደር ቤተ መንግሥት የወረሰች ከተማ አይደለችም። ሲዳማዎች አዳሬ በሚሉት በዚህ ሜዳ ላይ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ስማቸው ከምሥረታዋ ጋር የሚነሣው ያኔ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት እንደራሴ የነበሩት ልዑል ራስ መንገሻ ስዩም ናቸው። የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ቀድሞ ይርጋለም ነበር፤ ኋላ ወደ ሐዋሳ ዞረ። ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ሐይቁ ዳር ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው ስፍራ የሚያደርሰው ጎዳና ከተማዋ በፕላን መቀየሷን ዛሬም ይመሰክራል። በሐይቁ ዳር ዋቢ ሸበሌ ሆቴሎች ተሠሩ፤ በ1968 ዓ.ም. የእርሻ ኮሌጁ ተከፈተ፤ ዛሬ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ሐይቁ ሞልቶ ከተማዋን ባሰጋ ጊዜ ደግሞ በዳርቻው የአፈር ክትር ተገነባ።

ከተማዋ በ2012 ዓ.ም. የሲዳማ ክልል ርዕሰ ከተማ ሆናለች፤ ፎቆቿም በርክተዋል። የቆርቆሮ ክዳንና በረንዳ ያላቸው የመጀመሪያው ትውልድ ቤቶች ግን «ገና አዲስ ናቸው» እየተባሉ፣ ቅርስ ለመባል ሳይበቁ ይፈርሳሉ። የአዲስ አበባው ጣይቱ ሆቴልም በ1898 ዓ.ም. ሲሠራ አዲስ ቤት ነበር። ጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ሲበላው አገር ያዘነው፣ ከዚያ በፊት የነበሩ ትውልዶች ሳያፈርሱ ስላቆዩት ነው። ቤት የሚያረጀው የሚጠብቀው ሲያገኝ ብቻ ነው።

ሐዋሳ ሌሎች ከተሞች ያጡት ዕድል በእጇ ነው፤ ስትመሠረት ያዩ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። አንድ በረንዳ ከመፍረሱ በፊት ፎቶ ይነሣ፤ ማን እንደሠራው፣ ማን እንደኖረበት ከአዛውንቱ አንደበት ይጻፍ። ከአሞራ ገደል ሾርባችንን ጠጥተን ስንመለስ በከተማዋ ፒያሳ በኩል እንለፍ፤ ቀና ብለንም ቤቶቹን እንያቸው።