ጧሪ በነጻ ነበር እንዴ?

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብሎ የማይመርቅ የፎገራ ሽማግሌ አላውቅም። «አሜን» እንላለን እንጂ ቃሉን ልብ ብለን የምንሰማው አይመስለኝም። ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ቃል መመርመር ልማድ ሆኖብኛልና ልመርምረው። ጧሪ ማለት ልጅ ማለት አይደለም። እንደ አራሽ፣ እንደ ጠባቂ ሁሉ የሥራ ስም ነው፤ የሚያጎርስ፣ የሚያጥብ፣ ሌሊት ተነስቶ የሚያገላብጥ ሰው።

ስለ አረጋውያን ማእከል ሲነሳ «ባህላችን አይደለም፤ ድሮ ወላጅ የሚጦረው በፍቅር ነበር» የሚሉ አሉ። ፍቅሩ እውነት ነው። ፍቅር ብቻ ነበር ወይ?

በርስቱ ዘመን፣ ጉልበቱ ለደከመ የፎገራ ገበሬ የሚቀረው መሬቱ ነበር። ከልጆቹ አብሮት የቀረውን፣ መካን ከሆነም የጡት ልጁን፣ በመሬቱ ተስፋ ያቆየዋል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን አዋጁ በቅጥር ጉልበት ማሳረስን ከለከለ፤ ባለይዞታው ሲሞት፣ ሲታመም ወይም ሲያረጅ ግን ለባለቤቱና ላልደረሱ ልጆቹ ፈቀደ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ «የቤተሰብ አባል» ሲል ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት የሚኖርንና ኑሮውን የሚጋራን ሰው ሁሉ ጨመረ። ሥጋ ዝምድና አልጠየቀም። ሕጉም የሚያውቀው ነገር ነበር ማለት ነው፦ እርጅና የሰው እጅ ይፈልጋል፤ እጁም ዋጋ አለው።

«ጡረታ» የሚለው ቃልም ከዚሁ ከመጦር የመጣ ነው። ለመንግሥት ሠራተኛ በ1953 ዓ.ም. ሲታወጅለት ገበሬው ግን ከመሬቱና ከልጆቹ በቀር ጧሪ አልነበረውም። ሩዝ በ1970ዎቹ ፎገራ ከገባ ወዲህ መሬቱ ተወደደ፤ አረሙና አጨዳው ግን ብዙ ጉልበት ይበላል። ልጆቹም ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ፣ ዐረብ አገር ናቸው።

አቶ ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጀመሩት መቄዶንያ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» ይላል። መፈክሩን እወደዋለሁ፤ ስንቱን ከጎዳና አንስቷል። ደግ ልብ በሩን ይከፍታል፤ ሌሊቱን የሚያነጋው ግን ፈረቃ ነው። በአልጋ የዋለ ሰው እንዳይቆስል በየ2 ሰዓቱ ይገላበጣል፤ በቀን 12 ጊዜ። አሥር ሰው ካለ 120 ጊዜ። ይህን በጎ ፈቃደኛ አንድ እሑድ ይሠራዋል። ሰኞስ?

ሀብታሞቹም አልቀለላቸውም። አሜሪካ በ2024 እ.ኤ.አ. ለእያንዳንዱ የመጦሪያ ቤት ነዋሪ በቀን 3.48 የነርስና የረዳት ሰዓት የሚያዝ ደንብ አወጣች፤ ዓመት ሳይሞላው፣ በ2025፣ ፍርድ ቤት ሻረው። ድርጅቶቹ «ሠራተኛ የለም፣ ገንዘብ የለም» ብለው ነበር የከሰሱት።

እናም ነገ ወረታም ይሁን ሌላ ከተማ መጦሪያ ቤት ሲመረቅ ስንት አልጋ እንዳለው ብቻ አንጠይቅ። ሌሊት ስንት ሰው ያድራል? ደመወዙስ ያኖረዋል ወይ? የፎገራ ገበሬ ጧሪውን በመሬት ይከፍል ነበር። እኛ በምርቃት ልንከፍለው ካሰብን፣ ቤቱ ይሞላል፣ ጧሪው ግን አይኖርም።